የአባ ጢሞ የታኅሣሥ እንቅልፍ

ዲንቄን እንቅልፍ የነሣት አንድ ጭብጥ ፌንጣ ነበር።

ፌንጣውን የበሉት የጓድ ሆርስት ሁለት ገበሎዎች ናቸው። ጓድ ሆርስት ስለ ትራክተር ሊያስተምር ከምሥራቅ ጀርመን ናዝሬት የመጣ ባለሙያ ነው። ትራክተሩ ግን ገና መንገድ ላይ ስለነበር፣ ሰውዬው ጊዜውን የሚያሳልፈው ከአገሩ ይዟቸው በመጣ ገበሎዎች ነበር። ክንድ የሚያክሉ፣ ጎናቸው እሾህ ያበቀለ፣ ሲቆጡ ጉሮሯቸው ተነፍቶ እንደ መነኩሴ ጢም የሚጠቁር ጉዶች! የቤቱ ሠራተኛ ዲንቄ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን የጮኸችው ጩኸት አዋሽ መልካሳ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ውላ አድራ ግን ወንዱን አባ ጢሞ፣ ሴቷን እሜቴ ብላ ስም አወጣችላቸው፤ ደራ ከሚኖሩት የሥጋ ዘመዶቿም አስበልጣ ወደደቻቸው።

ጓድ ሆርስት በኅዳር ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው አስጠነቀቃት።

«ዲንቄ፣ ብርድ መጣ። እነሱ እንቅልፍ፣ ብዙ ሳምንት። ምግብ የለም! ሆድ ባዶ! ምግብ ሆድ ውስጥ ካለ ይበሰብሳል፣ ከዚያ...» አለና በጣቱ አንገቱን ቆረጠ።

«እሺ ጌታዬ... ውይ፣ እሺ ጓድ።»

አፏ እሺ ይበል እንጂ አንጀቷ እምቢ አለ። እንኳን ሳምንታት የሚተኛ፣ ለአንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳስ ጦሙን ይተኛል? አሸዋ በተሞላው ሳጥናቸው ውስጥ ዓይናቸው ክድን ክድን ሲል «ትንሽ፣ ለነፍስ ያህል» ብላ የሰባ ፌንጣ አጎረሰቻቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገመች። ለፍቅር ብላም ሠለሰች።

በማግስቱ ሁለቱም ተኙ። ተኙና ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ ወዳለበት ዕቃ ቤት እየገባች ብትዳስሳቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ። ተኝተው ይሁን ወይስ የእሷ ጉርሻ ገድሏቸው፣ የምትጠይቀው ሰው የለም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ጓድ ሆርስት ነገ ይገባል የሚል ወሬ ደረሰ። ከወሬው ጋር የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንዋይም ደረሰ። ጓድ ንዋይ ዝናብ ከቀረ ደመናውን ለግምገማ የሚጠራ ሰው ነው። የወዳጅ አገር ንብረት ደህና መሆኑን ሊያይ ዕቃ ቤት ገባና አባ ጢሞን በእርሳስ ወጋ አደረገው።

«ሞቷል።»

«ተኝቶ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር።»

«አብዮቱ ሌት ተቀን እየሠራ ከኅዳር ጀምሮ የሚተኛ ማነው? ምን አብልተሻቸው ነበር?»

ዲንቄ ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ምንም» ብትል በረሃብ ገደለች፤ «ፌንጣ» ብትል መርዛ ገደለች።

«አሻጥር ነው!» አለ ጓድ ንዋይ። «ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣል። አንቺም እነሱም አውራጃ ትሄዳላችሁ። እዚያ ሆዳቸው ሲቀደድ የሰጠሻቸው ይታያል።»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ሰፈሩ አያውቅም። ዲንቄ ሳጥኑን አቅፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዘበኛው ጋሽ ጆቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ጆቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሞተዋል?»

«ያ ዋቅ! እኔ ምኑን አውቄ ልጄ? ጢም ያለው ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ እንቅልፉ ከሞት አይለይም።»

ብዙም ሳይቆይ፣ ጎረቤቷ በድሪያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከች አለች። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች፣ ማንደጃ ሙሉ ፍም፣ በብረት ድስት የሚጨስ ንፍሮ።

«ምነው በድሪያ፣ በቁሜ ልታለቅሱልኝ ነው?»

«ወላሂ ለአንቺ ማልቀስማ ክልክል ነው። ለገበሎ ግን አዋጅ አልወጣም!» አለችና «ወይኔ አባ ጢሞ! ወይኔ ባለ ግርማው!» ብላ ደረቷን ደቃች።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አራት ሰው የማትይዘው ዕቃ ቤት ሰባ ሰው ዋጠች፤ በፍሙ፣ በንፍሮው እንፋሎትና በለቀስተኛው ትንፋሽ ሶደሬ ፍል ውሃ ሆነች።

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ጓድ ንዋይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ።

«ይህ ምን ስብሰባ ነው?»

«የገበሎ ለቅሶ ነው ጓድ» አለች በድሪያ።

ጓድ ንዋይ ግራ ገባው። መቃወምም መፍቀድም ሲያቅተው የሚያደርገውን አደረገ፤ ግራ እጁን ሰቅሎ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ።

«ይውደም!» ሰባ ግራ እጅ ወደ ላይ።

ከሳጥኑ ውስጥም አንድ ተነሣ። ቅርፊታም፣ አጭር፣ ቀስ ብሎ አየሩን የሚቀዝፍ ክንድ።

አባ ጢሞ እጁን ሳያወርድ ቀድሞ ለማውረድ የደፈረ የለም፤ ሊቀመንበሩም ጭምር።

«የትኛው እጁ ነው?» አለ ጓድ ንዋይ በሹክሹክታ።

«ግራው ነው ጓድ» አለ ጋሽ ጆቴ።

ዲንቄ ግን እጁን አላየችም፤ ሆዱን ነበር የምታየው። የተነፋ፣ የጠነከረ ሆድ። ፌንጣው እዚያው ነው። ነቅቶም ቢሆን ዓይኗ እያየ ሊሞት ነው።

«ሕይወት አለው፤ ግን በሽተኛ ነው። ለምርመራ ይሄዳል» አለ ጓድ ንዋይ፤ ጎንበስ ብሎም በሁለት እጁ አነሣው።

«በፈጠረዎት! ሆዱን አይጫኑት!»

አባ ጢሞ ጉሮሮውን ነፋ፤ ጢሙ ከሰል መሰለ፤ ጅራቱን አነሣ። ከዚያ ከኅዳር ጀምሮ በአደራ ያስቀመጠውን ሁሉ፣ ከነፌንጣው እግር፣ ገና በተተኮሰው የካኪ እጅጌ ላይ ዘረገፈው።

«ምንድነው ይሄ?!»

«ራቱ ነው ጓድ ሊቀመንበር!» ብላ ዲንቄ እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገልብጠው ተቀበሏት።

ጓድ ንዋይ አባ ጢሞን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ጣለና ክንዱን ከሰውነቱ አርቆ እንደ ዘረጋ ውሃ ፍለጋ ወጣ። ሽታው አብሮት መኪናው ውስጥ ገባና ለሌላ ሰው ቦታ አልተረፈም። ሞተሩ እየራቀ ሲሄድ እሜቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ ጫጫታውን ታዝባ መልሳ ከደነች።

«እንግዲህ ራባቸው» አለች በድሪያ ከንፍሮው ቆንጥራ። «አጉርሻቸው እንጂ!»

ዲንቄ እጇን ያዘቻት። ለሁለቱም ውሃ አቀረበች። ውሃ ብቻ።