ደባይሲማ ላይ ያልሰማሁት ወሬ

ባለፈው ሰሞን መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ጠብታ አንገቴ ላይ ወረደች። ቀና ብል ግድግዳው ላይ የተሰካ ኤርኮንዲሽን ነው። ሌላው ሰው ጠረግ አድርጎ ያልፋል። እኔ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ቆሜ በሐሳቤ አሰብ ወደብ ገባሁ።

አሰብ ላይ ያቺ ጠብታ ባለቤት ነበራት። ይህ የምነግርህ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው፤ ገና ጎረምሳ ሾፌር ሆኜ ተሳቢ ይዤ ከአዲስ አበባ ወደቡ ድረስ የምመላለስበት ጊዜ። የሹሞቹ ሰፈር ግድግዳው ሁሉ ቀን ከሌት ያጓራል። ከየማሽኑ ስር ጣሳ ተደርድሯል። ጣሳው የሹሞቹ እንዳይመስልህ። ካምፖ ሱዳን ከሚባለው የድሆች ሰፈር የሚመጡ ሰዎች ናቸው ያስቀመጡት፤ የሰው ቤት ብርድ የሚያንጠባጥበውን ውሃ አጠራቅመው ልብስ ያጥቡበታል። ሙቀቱ ሲብስ የሹሞቹ ቤተሰብ በአውሮፕላን ወደ ደጋ ይወጣል። ካምፖ ሱዳን አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት እናት አሳፈርኩ። አሰብ ወደብ ጆንያ የሚሸከም ልጅ አላቸው። ወጣቱን ለጦርነት የሚወስደው አፈሳ ወደ አሰብም ወርዷል ሲባል ሰምተው ነው የተነሱት። ልጁ አንድ ለእናቱ መሆኑን የሚመሰክር፣ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ወረቀት መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረዋል። በየኬላው እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ይሰዳሉ።

«እንደርስበት ይሆን ልጄ?»

«እኔ ይዤዎት እያለ አይስጉ እማማ። እበራለሁ።»

በረርኩም። ምሳ አልበላሁ፣ እንቅልፍ እንደ ነገሩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአሰብ በፊት ያለችው ደባይሲማ ስንደርስ መኪናው ጋለብኝና ራዲያተሩ ላይ ውሃ ልጨምር ቆምኩ። እናትየው ወበቁ ጥሏቸው አሸልበዋል። አንድ የአፋር ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና እጄን ይዘው ሳሙ።

አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ እንደኛ «ደህና ነህ?» ብሎ አያልፍም። ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። መጀመሪያ መጪው ያየውን ይናገራል፤ የት ዘነበ፣ ማን አለፈ፣ የማን ግመል ጠፋ። ከዚያ ተራው የአገሬው ነው። ያየውን አንዲት ሳያስቀር ይነግርሃል። መንገዱን ስመላለስበት ኖሬ ይህን አላውቅም ብል ውሸት ነው።

«ሚሌ ዝናብ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«መንገድ ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም።»

«ቁጭ በል። አሁን የኔ ተራ።»

«አባባ፣ እኔ ወሬ በሬዲዮ እሰማለሁ!» አልኩና ወደ መኪናዬ ዘለልኩ።

በሩን ያዙ። «ይህን ሬዲዮ አያውቅም» አሉ።

ሳቅኩባቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳቅኩባቸው። ሞተሩን አስነስቼ ስሄድ በስፖኪዮው መስታወት አየኋቸው፤ በዱላቸው ከአስፋልቱ ራቅ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ያመለክታሉ። ውሃ ያለበትን የሚያሳዩኝ መሰለኝ። የኛ ሰው ሲቸኩል እንዲህ ነው፤ ጆሮውንም ትቶ ይሄዳል።

አሰብ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የነዳጅ ማጣሪያው እሳት በዚያ ብርሃን ውስጥ ገርጥቶ ይነዳል። ባሕሩ ዝም ብሏል። ከተማውም ዝም ብሏል። መንገዱ ላይ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነጠላ ጫማ ወድቋል፤ ጥንድ የለውም። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያልተጠጣ ሻይ በየብርጭቆው ዝንብ ወሮታል። ወጣት የሚባል አይታይም። እናትየው ነቅተው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ እኔ አላያቸውም።

በሹሞቹ ሰፈር በኩል አለፍን። እዚያ በረንዳ ላይ አራት አምስት ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ። በረዶ የገባበት ውሃ ይዘዋል፤ አንዱ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«እነዚህስ ወጣት አይደሉም?» አሉ እናትየው።

«እነዚህ አባት ያላቸው ናቸው።»

«የኔ ልጅ ደግሞ እናት አለው» አሉ።

ካምፖ ሱዳን ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራችውን የልጁን ክፍል አገኘናት። አብሮት የሚኖር አንድ የወደብ ተሸካሚ አለ፤ ጆንያ ወድቆበት የሚያነክስ። እናትየውን የልጁ አልጋ ላይ አስቀመጣቸውና እኔን በዓይኑ ጠርቶ ደጅ አወጣኝ።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ ወታደሮች ሰፈሩን ዘጉብን» አለ በሹክሹክታ። «እኔን ይሄ እግሬ አተረፈኝ። እናቶች ደጅ ላይ እንዳይጮሁ ብለው ልጆቹን ከከተማ አወጧቸው። ደባይሲማ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው ያሳደሯቸው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«እዚያው ነበሩ። እዚህ ጎረቤት ያለ አባት ለመቶ አለቃው ወረቀት አሳይቶ ልጁን አስፈትቶ መጣ። አንድ ልጅ ነው የሚል ወረቀት። አሁን ግን በበረሃው አቋርጠው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መልሰው አምጥተዋቸዋል አሉ።»

ቃሉን ሳይጨርስ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ፤ ጥላው ጎጆዎቹን ጠራርጎ ወደ ባሕሩ ሄደ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። እኔ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆምኩ።

ስገባ እናትየው የልጃቸውን ሸሚዝ ከሚስማሩ አውርደው አንገትጌውን ያሸታሉ።

«ወሰዱት?»

«ወሰዱት እማማ።»

አልጮሁም። ሸሚዙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አጠፉት። እንደገና ፈትተው እንደገና አጠፉት። ደረቁን ወንዝ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወረቀቱ ገና መቀነታቸው ውስጥ ነበር፤ ቋጠሮው ይታየኛል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። በግትርነቴ የሚያውቀኝ ሁሉ የማልፈራ ይመስለዋል። ያን ቀን ፈራሁ።

እናትየው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ።

«አንተስ አልሰነፍክም» አሉኝ። «እህል ሳትቀምስ፣ እንቅልፍ ሳትጠግብ፣ ለኔ ብለህ እንደ ወፍ በረርክ። ከልጄ የጎደለውን ዕድሜ ላንተ ያድርገው።»

«አሜን» አልኩ።