ገጽ አልከፍት ያለው የልጄ ላፕቶፕ

ላፕቶፕ ታቅፎ መሄድ ሕፃን ከማዘል ይከብዳል። ሕፃን ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲደክመው ይተኛል፤ ይሄ ግን ዝም ነው። ያን አርብ በነጠላዬ ጠቅልዬው ከቀራንዮ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ኮልፌ፣ ከኮልፌ ተመልሼ ቤቴ ስዞር ዋልኩ። እግሬ ድሮም መዞር ይወዳል። ያን ቀን ግን እሱም ሰልችቶት ነበር።

የመጨረሻዋ ልጄ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዳቦ ቤት ትሠራለች። ማልዳ ትወጣና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ አይወልቅም። የሕፃናት እንክብካቤ ተምራ የምስክር ወረቀት አላት፤ እስካሁን ግን የጠራት የለም። በዚያ ሰሞን አንድ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ ሊቀጥር መሆኑን ሰማች። ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፣ እያለች ነበር የምታወራልኝ፤ ሕፃናት ማንንም ቁጭ እንደማያስብሉ እያወቅኩ ዝም አልኳት። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስልኳ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ወዲህ ግማሹ ቢነኩት አይሰማም፣ ታይበታለች እንጂ አትጽፍበትም። ወረቀቶቿም ሁሉ ያሉት ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተስፋዋ ያ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር።

መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ማክሰኞ መጣ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ላፕቶፑን ሰካችው፣ በሩ ላይ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ አመጣና ቀጥ አለ።

«ኧረ ይሄ ነገር ቆመ» አልኳት።

መጥታ አየችው፣ በክርኗ አንድ ሁለቴ ተጫነች፤ እጇ አረፋ ነው። «ባትሪው ሲያልቅ ቀኑን ይረሳል። እማዬ፣ እስቲ አንቺ ሙዪልኝ። ይቺን ቀስት ወደ ላይ ስትጫኛት ቁጥሩ ይጨምራል፣ ወደ ታች ስትጫኛት ይቀንሳል።»

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራ ሲሠሩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነው፤ ለዚህም ነው መጀመሪያ ያወቅኋቸው ፊደላት የተዘቀዘቁ የነበሩት፣ ደብተሩን ገልብጠው ሲሰጡኝ ግራ ይገባኝ ነበር። ቁጥር ላይ ግን አልታማም። ዕለቱ ገብርኤል ነበርና አሥራ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ወሩን ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ዓመቱን ሞላሁ። ሰዓቱንም አሥር አልኩት። «ጨረስኩ» ስላት ከልብሱ ቀና ሳትል «ጎበዝ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

ከዚያ በኋላ ነው ገጽ አልከፍት ያለው።

ጭራሽ እምቢ ቢል አንድ ነገር ነው። አንድ የድሮ የሽሮ አሠራር የሚያሳይ ገጽ ይከፍታል፤ ሌላውን ግን ቀይ ምልክት እያወጣ ይመልሳል። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል» አለችኝ ልጄ። ከሥሩ በደቃቃው የተጻፈ ብዙ እንግሊዝኛ ነበር፣ እሱን የምታነብበት ዓይን አልነበራትም። አጠፋችው፣ አበራችው። የኢንተርኔቱን ሣጥን ነቅላ ትንሽ ጠብቃ ሰካችው። ከስልኳ ጋር አገናኘችው፤ ያው ነው። በስልኳ ያንኑ የምዝገባ ገጽ ስትነካው ወዲያው ይከፈታል፣ ላፕቶፑ ላይ ቀይ። የቆዩ ነገሮችን አጠፋች። ጎን ያለችው ተከራያችን፣ ጴንጤ ናት፣ መጥታ አየችውና «እህቴ፣ ቫይረስ ይሆናል። ልጸልይበት እንዴ?» አለች። ልጄ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ክዳኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወርውራው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ተይው እማዬ። ዕድሌ ነው። እኔ ልነሳ ስል ሁሌ አንድ ነገር ይይዘኛል።»

«ነገ እኔ ወስጄ አሠራዋለሁ።»

«አንቺ? ከጠፋሽስ?»

«የት እጠፋለሁ፤ ዞሬ ዞሬ የምመጣው እዚሁ ነው።»

አየር ጤና ጋራዦቹን አለፍ ብሎ ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ እግር ሰውዬ አለ። ከፈተው፣ ሁለት ገጽ ሞከረ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ማዘር፣ ይሄ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ መጫን አለበት።»

«ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«ውስጡ ያለው ሁሉ።»

«የልጄ ወረቀትስ?»

«ሌላ ቦታ አስቀምጣዋለች?»

«ሌላ ቦታ ቢኖራት ይሄን አስታቅፋ ትልከኝ ነበር?»

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «እንግዲያው እሱን አወጣና እጭነዋለሁ፤ ሰኞ ይምጡ» አለኝ። ሰኞ ምን ያደርግልኛል። መልሼ በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

ወደ ቤት ልሄድ ነበር፣ የገባሁበት ታክሲ ግን የኮልፌ ሆነ። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፤ ሐሳብ ሲገባኝ ረዳቱ የጠራው ሁሉ የእኔ ሰፈር ይመስለኛል። ኮልፌ ስወርድ እግሬ ራሱ ወደ ሰዓት ሠሪው ወሰደኝ። የባለቤቴን ሰዓት ስንት ጊዜ ጠግኖልናል፤ ባለቤቴም ካረፈ በኋላ ሲደክመኝ እሱ ጋ አረፍ ብዬ ነው የማልፈው።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ታቅፈው መጡ?»

«በሽተኛ።»

«ሐኪም አላየውም?»

«አየው። ልቡን አውጥቼ ሌላ ላስገባ አለ።»

«እስቲ ይክፈቱት፣ ቢያንስ ፊቱን እንየው።»

ከፈትኩለት። ይሄ ሰው የትም ቢገባ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚያየው ሰዓት ነው። አሁንም ዓይኑ ላይ የሰካትን መነጽር ሳያወርድ ወደ ላፕቶፑ ጥግ ጎንበስ አለ። የእጁን ሰዓት አየ። መልሶ ጥጉን አየ።

«ይሄ በሐበሻ ሰዓት ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ በማን ይሂድ?»

«ቀኑም የእኛ ነው። ዓመቱም።» መነጽሩን አወረደ። «የእኔም ስልክ አንዴ እንዲህ ሆኖ ነበር። ባትሪውን ሳወጣ ቀኑ ተዛባ፤ ከዚያ አንድም ገጽ አልከፍት አለኝ። እነዚህ ዕቃዎች የሚግባቡት በፈረንጅ ቀን ነው። ገጾቹ ከወዲያ ሆነው ዛሬ ስንት ነው ይሉታል። እሱ ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ ሲመልስላቸው ሌባ ነው ብለው በር ይዘጉበታል። ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ልክ ነው የሞሉት። ተሳስቶ የተሠራው እሱ ነው።»

«አስተካክልልኛ።»

«የት እንደሚጫኑት አላውቅም። እኔ የማውቀው ጎኑ ላይ ያለችውን መጠምዘዣ ነው፤ ይሄ ደግሞ የለውም።»

ታክሲ ውስጥ ጥጌን ይዤ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ቀኑን አስተካክዪ ብላት ይበቃል። ማን አበላሸው ብትለኝ፣ ራሱ ነው ያዛባው እላለሁ፤ ዕቃ አይደለም እንዴ፣ ዕቃ ምን ብሎ ይክደኛል። እንዲህ እያልኩ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። ከዚያ ሐሙስ ያለችው ትዝ አለኝ። ራሱ ነው ካልኳት ያው ዕድሌ ነው ትላለች፤ ያንንም ከሌላው ላይ ትደምረዋለች። አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ልብ አይወጣም።

ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አንዱን አውልቃ አንዱን ትታዋለች።

«ሠራው?»

«አልሠራውም። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። ገብርኤሉን፣ በጣቴ የቆጠርኩትን ወር፣ ሰዓቱን። አላቋረጠችኝም። ላፕቶፑን ተቀብላ ከፈተችው፣ ጥጉን አየችው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር» አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አልገባኝም።

«ዕድል አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ።»

«ገባኝ እማዬ። ሰማሁ።»

ቀኑን ቀየረችው። የምዝገባውን ገጽ ስትነካው ትንሽ አሰበና ተከፈተ። ደስታዬን ልገልጽ አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ፤ ሰዓት የለም። ስሟን፣ ትምህርቷን፣ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አስገባች። ኔትወርኩ ሲይዝ ሲለቅ እኔ ጎኗ ቆሜ አልተነፈስኩም። የትውልድ ቀኗን በፈረንጅ ጠየቃት። እኔ የማውቀው ግንቦት ልደታ ማግስት መሆኑን ነው። እሷ ወደ ፈረንጁ ስትመልሰው ሁለቴ ተሳሳተች፣ ሁለቴ አጠፋች፤ እኔ በዚያ ሳምንት ስለ ቀን የምናገረው አልነበረኝም።

አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ላከችው። ገጹ አንድ ረጅም ቁጥር መለሰላት። ወረቀት ፍለጋ ሳትነሳ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ተመዘገብኩ» አለች።

ጎኗ ተቀመጥኩ። ቆይታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ልቆጣሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «አቅም አጣሁ።»

«ነገ ተቆጪኝ።»

«ነገ ሥራ አለኝ።»

«እንግዲያው እሁድ።»

«እሺ፣ እሁድ» አለች፤ ሁለተኛውንም ጫማዋን አወለቀች።