በጋ የማያደርቀው ሣር

በእኛ አገር በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የተገኘ ነገር ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል ባይ ነኝ። ኅዳር ካለፈ በኋላ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ የሚጓዝ ሰው የሚያየው አመድማ ሜዳና አቧራ ነው። ባሕር ዛፉ እንኳ አረንጓዴ የሚሆነው ለወጉ ያህል ነው። ስለዚህ ከግድቡ ግርጌ፣ ዙሪያው ሁሉ ደርቆ፣ አንድ የሰርግ ድንኳን የሚያህል ቦታ ብቻ ለምልሞ ሳይ ደስ አላለኝም። ሌላው ሰው ግን ደስ አለው። ታናሽ እኅቴ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ብሏት እዚያው ላይ ዳስ ጥላ ሻይ መሸጥ ጀመረች።

ግድቡ ትልቅ አይደለም። ከሁለት ኮረብታ መካከል ወንዙን የዘጋ የአፈር ክምር ነው። በአንድ ጎኑ ትርፍ ውሃ የሚወርድበት የሲሚንቶ ማስተንፈሻ፣ በሌላው ጎኑ ወደ መስኖ ቦዩ ውሃ የሚለቅ በር አለው፤ በሩ የሚከፈተው በብረት መዘውር ነው። የተሠራው ለሽንኩርትና ለድንች ነበር። የከተማው ሰው ግን ይህን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ ተኝቶ አይቶ ስለማያውቅ እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረ። ተማሪው ሊዋኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰቡን በባጃጅ ጭኖ ሊናፈስ፣ ሙሽራው ፎቶ ሊነሣ ይመጣል። ውሃው ዳር «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ጠቃሚ ሰሌዳ ነው፤ ዋናተኞቹ ልብሳቸውን ይሰቅሉበታል።

እኅቴ ከዓረብ አገር ከተመለሰች በኋላ ልብስ ሸጠች፣ ምግብ ቤት ሞከረች፤ ሁለቱም አልሆነላትም። ያመጣችውን የመጨረሻ ጥሪት በዚያ ሣር ላይ አፈሰሰችው። የፕላስቲክ ወንበር ደረደረች፣ ለስላሳ አቀረበች፣ ቅዳሜና እሑድ ጥብስ ጨመረች። ቦታው ገና ከመከፈቱ ሞላ።

«ጋሼ፣ እኔ የነበርኩበት አገር ሣር የሚያጠጡት በቧንቧ ነው» አለችኝ። «ይኼው እኔን አላህ በነፃ ያጠጣልኛል።»

«ማን እንደሚያጠጣልሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ይሄ ግድቡ ነው። እያፈሰሰ ነው።»

ከሣሩ ራስ፣ ከግድቡ አፈር ጫፍ ላይ፣ እንደ ትንሽ ምንጭ የሚፈልቅ ውሃ ነበር። ምንጩ ወንዙ ከመገደቡ በፊት አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን መገመት ለማንም የሚከብድ አልመሰለኝም። ሰዉ ግን ሌላ ነገር ገመተ። አንዲት መነኩሴ ለዓይን ሕመም ጠበል ነው አሉ፤ አንድ ሐጂ ደግሞ ለሆድ ነው አሉ። በሃይማኖት የማይስማሙት ሁለት ሰዎች በምንጩ በረከት ላይ ተስማምተው ጄሪካናቸውን አጠገብ ላጠገብ አስቀመጡ። የተጣላነውን ሁሉ እንዲህ የሚያስታርቅ ውሃ ከሆነ፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር መሆኑን ተረዳሁ።

ጥፋቱ በከፊል የእኔ ዝና ነው። በከተማችን ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። አዲስ የመጣውን የስንዴ ዘር ጠርጥሬ ሰዉ ከእኔ በቀር ጥሩ ምርት አፈሰበት። የአስፋልቱን ሥራ አይጨርሱትም ብዬ ተከራከርኩ፤ ጨረሱት። ስለዚህ ስለ ግድቡ አፌን ስከፍት፣ እኅቴ ለደንበኞቿ «አይዟችሁ፣ ጋሼ ከገንፎ ውስጥ ስንጥር ሲፈልግ ነው ያረጀው» አለቻቸው። ሳቁ። የከፋው ነገር፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

የግድቡን ጥበቃ ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን እያራገፈ ሰማኝ።

«አብሽሩ ጋሼ» አለኝ። «ሰው ሸክም ሲሸከም ያልበው የለም ወይ? ይሄም ተራራ የሚያህል ውሃ ተሸክሞ አላበው። ባያልበው ነበር የሚያስፈራው።»

በወሎ «አብሽር» የማይል ሙስሊምም ክርስቲያንም የለም። ውብ ቃል ነው፤ ያዘነን ያጽናናል። ነገር ግን ግድብ የሚጠብቅ ሰው አፍ ላይ ሳገኘው ደም ሥሬ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከደሴ የገዛሁት አሮጌ የማስተማሪያ መጽሐፍም ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል ይላል። የሚያሰጋው ውሃው መውጣቱ ሳይሆን ይዞት የሚወጣው ነገር ነው። ንጹህ ሆኖ ከወጣ ብቻውን ነው የመጣው። ደፍርሶ ከወጣ ግን ግድቡን ከውስጡ ትንሽ በትንሽ እየበላ ነው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እሑድ እሑድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ከምንጩ ቀድቼ እኅቴ ጠረጴዛ ላይ አቆመውና እስኪረጋ ሻይ እጠጣለሁ። ውሃው ሁልጊዜ ንጹህ ነበር። ደንበኞቹ «ዛሬስ ምን አሉ ሐኪሙ?» ይሉኛል። ውሃው ፈተናውን ማለፉን ስነግራቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ እንደ ማፈር ይለኛል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ። በዚያ ላይ የመስኖ ቦዩ ተሰብሮ ሳይጠገን ስለቆየ፣ ገበሬው ውሃ ሳይወስድ ጥር ደረሰ። ግድቡ እስከ አፉ ሞልቶ ተኛ። ሣሩ እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ለአንድ እሑድ አንድ የታወቀ ነጋዴ የልጁን ሰርግ ምሳ እዚያ ሊያበላ ከእኅቴ ጋር ተስማማ። ለእሷ ቀኑ ሰርግ ብቻ አልነበረም፤ ከስደት መመለሷ ትክክል እንደነበር ለአገሩ የምታሳይበት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጠርሙሴን ይዤ ሄድኩ። ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ወጣ። ከብት ረግጦት ይሆናል ብዬ ዱካ ፈለግሁ፤ የለም። ደፍቼ እንደገና ቀዳሁ፤ ያው ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ምንጩ አፍ ላይ ደቃቅ አሸዋ የጉንዳን ቤት መስሎ በክብ ተቆልሏል። ውሃው ከመካከሉ እየፈላ፣ ከግድቡ ሆድ ያመጣውን አፈር ዙሪያውን ይደረድረዋል።

ዳሱ ጋ ስደርስ እኅቴ ወንበር ትወለውላለች። የሚከራከር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ንግግሩን ሁሉ ከዚህ በፊት እንደተናገርኩት ገባኝ። ስለ ስንዴውም ስለ አስፋልቱም በዚሁ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ፣ ሁለት ወንበር አነሣሁ፣ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመርኩ። ተመልሼ ሌላ ሁለት አነሣሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች።

ወንበሮቹን ይዤ ሽቅቡን ቀጠልኩ።

«ጋሼ፣ በነገው ቀን አትቀልድብኝ። ተናገር እንጂ።»

ሦስተኛውን ዙር ስመለስ ጠርሙሱ ፊት ቆማለች። ከሥሩ ቀይ አፈር ዘቅጧል።

«ስትጮህ ልማድህ ነው እላለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ዝም ስትል ፈራሁ።» ከዚያ የዳሱን ገመድ መፍታት ጀመረች።

ጥበቃው አሸዋውን አይቶ «አብሽሩ» ሊል ከንፈሩን ከፍቶ ተወው። ከታች ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት እንዲወጡ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተነገረ። መዘውሩ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ኖሮ ዝጎ ስለነበር በሩን ለመክፈት አራት ጎረምሳና ብዙ ዘይት አስፈለገው። ውሃው በተሰበረው ቦይ በኩል ወደ ወንዙ ወረደ። ሰርጉ የተበላው ደረቁ ኮረብታ ላይ ነው፤ ነፋሱ የሙሽራዋን ቬል ሲጎትት፣ ወጡ ላይ አቧራ ሲነሰንስ ዋለ። የሙሽራው አባት እኅቴን ሲሰናበት ፊቱን አዙሮ ነው።

በማግስቱ የመጣው መሐንዲስ ምንጩ ላይ አሸዋና ጠጠር አስደፋበት፤ ውሃው እንዲያልፍ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ነው። ግድቡም እስኪጠና ድረስ እንዳይሞላ፣ ከግርጌውም ሰው እንዳይቀመጥ ተናግሮ ሄደ።

«በሩ ባይከፈት ኖሮ ግድቡ ይፈርስ ነበር?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ሊፈርስ ይችል ነበር። ላይፈርስም ይችል ነበር።»

በሕይወቴ ከባለሥልጣን የሰማሁት በጣም ሐቀኛ መልስ ይሄ ነው፤ ለዚህም ይሆናል እስካሁን የምጠረጥረው። ገበሬዎቹ ግን ጥርጣሬ የለባቸውም። ቦዩ ተጠግኖ የሚያጠጡት ውሃ ሲያጡ፣ ሽንኩርታቸውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ውሃው ሲቀንስ ሣሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆነ። የምፈልገው ማስረጃ ያ ነበር፤ ሳየው ግን አልተደሰትኩም። እኅቴ ዳሷን ኮረብታው ላይ ተከለች። ደንበኛ ቀነሰ፤ ነፋሱን የሚወድ ጥቂት ሰው ብቻ ቀረ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ግድቡ እንደገና ሞላ። ጥናቱ አልቆ እንደሆነ ወይም ተረስቶ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሣሩ ለመለመ። ባለፈው እሑድ ስሄድ ሌላ ዳስ ሣሩ ላይ ተተክሎ አየሁ፤ ባለቤቷ ገና ከስደት የተመለሰች ልጅ ናት። እኅቴ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የተሞላ ጠርሙስ ቆሟል። እኔ አልነበርኩም የቀዳሁት።

«ንጹህ ነው» አልኳት አንሥቼ እያየሁ።

«ዛሬ ነው ንጹህ» አለች። «ወርጄ ነገርኳት። ቀናሽብኝ እንዴ አለችኝ።»

«ልትቀኚ ትችያለሽ እኮ። ቦታሽ ነበር።»

«እንዴታ፣ ቀናሁ» አለች። «አፈሩ ግን ቅናቴ እስኪበርድ አይጠብቅም።»

ቁልቁል አየችና ሽርጧን አጠበቀች። ከዚያ ወረደች። ከልጅቷ ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ሁለት ወንበር አንሥታ ሽቅቡን ጀመረችው። ልጅቷ ከኋላዋ «ኧረ የሰው ዕቃ ነው፣ ወላሂ ሰው እጠራለሁ» እያለች ትከተላለች። ሻይ ይጠጡ የነበሩት ቆመው ይስቃሉ።

እንደ ልማዴ የምቃወመው ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም። ሻዬን አስቀምጬ የቀሩትን ወንበሮች ላመጣ ወረድኩ።