በኑሜሪዮስ ራስ ላይ የዘገየው የባሉጥ አክሊል

ቴቲዮስ በቤቱ ውስጥ የሚጠላው አንድ ዕቃ ቢኖር የብር ጽዋው ነበር። ጽዋው እንደ አገሩ ልማድ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት በሚታይበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጦርነት የጀግንነት ሽልማት ይዞ የተመለሰ ሰው ሽልማቱን አይደብቅም፤ ቢደብቅ ጎረቤት ይታዘበዋል። ሚስቱ ሳልዊያ ደግሞ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር በአመድ እየፈተገች ትወለውለዋለች።

በዚያ ዓመት የሬአቴ ከተማ ቅጥር ተንዶ ስለነበር ከየቤቱ አንድ ወንድ እየወጣ ድንጋይ እንዲያመላልስ ታዘዘ። ቴቲዮስ የድርሻውን በጠዋት ሠርቶ ይመለሳል። አብሮት ዘምቶ ከነበረው ከጎረቤቱ ከኑሜሪዮስ ቤት ግን የሚወጣው ኑሜሪዮስ አልነበረም። ሊጉሮች ከሚባሉት ጠላቶች ጋር ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል። ድንጋይ የሚሸከሙት አባቱ፣ ሽማግሌው ስታቲዮስ ነበሩ። ቅርጫታቸውን በጀርባቸው አዝለው በቴቲዮስ ደጅ ሲያልፉ ትንፋሻቸው እቤት ድረስ ይሰማል። ቴቲዮስ ያን ትንፋሽ በሰማ ቁጥር ሥራ ያለው መስሎ ወደ ጓሮ ይወጣል።

አንድ ቀን የቴቲዮስና የሳልዊያ ትንሿ ልጅ የሸክላውን ኩባያ ሰበረችው። ሳልዊያ ስብርባሪውን ስትለቅም ሽማግሌው ደጃፏ ላይ ቆመው ላባቸውን ሲጠርጉ አየች። ሌላ ነገር ብታጣ ጽዋውን ከግድግዳው አውርዳ ውሃ ሞላችበትና ወጣች። ቴቲዮስ ከጓሮ እየተመለሰ ነበርና ከበሩ ጀርባ ቀረ።

«እንኩ አባባ፣ ጉሮሮዎን ያርጥቡ።»

«በዚህ? ኧረ ተይ ልጄ፣ እኔ በብር ልጠጣ?»

«ውሃው እንደሆነ ያው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ይጠጡ።»

ሽማግሌው ጠጡ። ጽዋውን ግን ቶሎ አልመለሱም፤ እያገላበጡ አዩት።

«የኔም ልጅ በጦርነቱ ሰው አድኛለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ማንን? ስለው ዝም። ታዲያ ሰው ላዳነ የሚደረገው የባሉጥ ቅጠል አክሊልህ የታለ? ስለው፣ 'የዳነው ሰው ራሱ ይናገር እንጂ እኔ አልለምንም' ይለኛል። ዋሾ አልኩት፤ ምን ልበል? ስትሸሽ ነው ጉልበትህን የወጉህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ላይ አንቀርብም።»

ጽዋውን መለሱላትና ሄዱ።

በምሳ ሰዓት ቴቲዮስ ዳቦውን ቆረሰና እፊቱ አስቀመጠው። ሳልዊያ ልጅቷን አቅፋ ታየዋለች።

«አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

«እንግዲያስ ንገረኝ።»

ነገራት። ለፈረሶች ሣር ሊያጭዱ በወጡበት አንድ ሊጉር ደርሶበት ከነጋሻው ጣለው። ጦሩ ደረቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ኑሜሪዮስ ዘልሎ ገባ፤ ሊጉሩን ገደለው፤ ሌሎቹ እስኪደርሱ ድረስም ከወደቀው ቴቲዮስ በላይ ቆሞ ተከላከለለት። ጉልበቱን የተወጋው ያኔ ነው። በማግሥቱ ኑሜሪዮስ በትኩሳት ተኝቶ ሳለ ሻለቃው ፋቤሪዮስ ሰልፉን አቁሞ ቴቲዮስን ጠየቀው፦ ያዳነህ ማን ነው? ለዚህ ነገር የሌላ ሰው ምስክርነት አይሠራም፤ የዳነው በገዛ አፉ መናገር አለበት። ከተናገረ በኋላ የባሉጥ ቅጠል በገዛ እጁ ጎንጉኖ ያዳነውን ሰው ራስ ላይ ያደርጋል፤ እስኪሞትም ድረስ እንደ አባቱ ያከብረዋል።

«በልጅነቱ ንፍጡን የጠረግኩለትን ልጅ አባቴ ልበለው? በዚያች ሰዓት ይህ ብቻ ነው የታየኝ» አለ ቴቲዮስ። «ማንም አላዳነኝም፣ ሰውየውን የገደልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ኋላ አስተካክለዋለሁ ስል ጽዋውን እጄ ላይ አኖሩት።»

ሳልዊያ ልጅቷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት። «እሱስ ሲያገኝህ ምን ይልሃል?»

«ሰላም ይለኛል። የሚገድለኝ ያ ሰላምታው ነው።»

«ስማ» አለችው። «አክሊል የተደረገለት ሰው እሱም አባቱም ከከተማ ሥራ ነፃ አይደሉም እንዴ? ታዲያ ምን ተቀምጠህ ታለቃቅሳለህ? ተነስና ቅጠሉን ቁረጥ።»

«ቅጥሩን የሚያሠራው እኮ ያው ፋቤሪዮስ ነው! በጦር ሰፈር በሐሰት የመሰከረ በዱላ ተቀጥቅጦ ነው የሚሞተው።»

«አሁን ያለኸው ጦር ሰፈር አይደለም።»

«አይነካኝም ነው የምትይው?»

«እሱን አላውቅም። የማውቀው እኚህ ሰውዬ ከዚያ ቅርጫት ሥር እንደሚሞቱ ነው።»

ቴቲዮስ ወደ ኮረብታው ወጣ። የቆረጠውን ይዞ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ሲጎነጉን አንዱን ሲያስገባ ሌላው ይሾልክበታል። ሳልዊያ ልታግዘው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

በማግሥቱ ቀትር ላይ አክሊሉንና ጽዋውን ይዞ ቅጥሩ ዘንድ ሄደ። ኑሜሪዮስ እንደ ልማዱ እያነከሰ ለአባቱ ዳቦና አይብ ያመጣበት ሰዓት ነው፤ አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል።

«ቴቲዮስ፣ ምነው ዛሬ ሙሽራ መሰልክ!»

«አክሊሉ ለአህያህ ነው? ይበላብሃል!»

ቴቲዮስ ኑሜሪዮስ ፊት ቆመ። 

«ያን ቀን ያዳንከኝ አንተ ነህ። ሊጉሩንም የገደልከው አንተ ነህ። እኔ ዋሽቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ፋቤሪዮስ በትሩን እየጎተተ መጣ።

«ለኔ ነው የዋሸኸው?»

«ለእርስዎ ነው ጌታዬ። በሰልፉ ሁሉ ፊት።» ጽዋውን ሰጠው።

ፋቤሪዮስ ጽዋውን ተቀበለና በትሩን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ቴቲዮስ ተንበረከከ።

«ይሄ ለኔ ነው። ለሱ ያለብህን እሱ ያውቃል» አለው። «አክሊሉን አድርግለት።»

ቴቲዮስ ተነሣ። ኑሜሪዮስ ግን ራሱን ዝቅ አላደረገለትም።

«የዋሸኸው አፍረህብኝ ነው?»

«አዎ።»

«ለኔ አትንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ። ለአባቴ ንገራቸው።»

ሽማግሌው ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። ቴቲዮስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ነገራቸው። ሽማግሌው እሱን አላዩትም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ሸሽተሃል ብዬዋለሁ እኮ» አሉ። «በገዛ አፌ።»

ኑሜሪዮስ ያኔ ራሱን ዝቅ አደረገ። ቴቲዮስ የደፋለት አክሊል ወደ አንድ ጆሮው ያዘነበለ ነበር። ለባለ አክሊል የሚገባው ነውና የተጋደሙት ሁሉ ብድግ አሉ፤ ፋቤሪዮስም ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ» አለ ቴቲዮስ።

«ኑሜሪዮስ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ፣ «ጢም ያበቀለ ወንድ ልጅ ተወለደልህ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኑሜሪዮስ አልሳቀም። ሽማግሌው የቅርጫቱን ጠፍር ለመፍታት ቢታገሉ አልፈታ አላቸው። ቴቲዮስ ከኋላ ፈታላቸውና ቅርጫቱን ራሱ አዘለው። በየጠዋቱ ለራሱ ድርሻ ሲሸከም የሚያውቀው ድንጋይ ነው፤ ይሄኛው ግን ወገቡን አጎበጠው። ወደ ቅጥሩ መውጣት ጀመረ። ሲወጣ ዞር ብሎ አየ፤ አባትና ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ ይቆርሳሉ። ና ብላ ያለው የለም፤ እሱም አልጠበቀም።

ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሲወርድ ኑሜሪዮስ ጠራው።

«ልጄ!»

ቴቲዮስ ቆመ። ቀልድ ይሁን ስድብ ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻለም።

«አባትህ ጠምቶታል። አያትህም ጠምቷቸዋል።»

«እሺ» አለና የሠራተኞቹን የሸክላ እንስራ አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።