ያላመለጡት አውራዎች

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ዛሬም በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ አንዴ ሳልገፋው አልሄድም። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው የሥጋ ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። ይህን የማወራው ልኩራራበት ብዬ አይደለም። ይህ ጠባዬ አንድ ጊዜ ያጠፋውን ነገር እስካሁን ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ነው።

በሃምሳዎቹ ማብቂያ አካባቢ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ በታች ባሕር ዛፉ አልቆ ጓሮዎች በሚጀምሩበት ቦታ እንኖር ነበር። እኔ ቀን ቀን ከተማ ወርጄ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ቤት ይውላል። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱም የዚያው አካባቢ ገበሬዎች የነበሩ፣ ሲጫወቱ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው።

ጎረቤታችን አንድ ቀፎ ንብ ነበራቸው። እንደዚያ ያለ ገራም ንብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሌላው ሰው ማር ሲቆርጥ መንደሩ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እሳቸው ግን ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ እያንጎራጎሩ ነበር የሚቆርጡት። ማሩም የሚያጠግብ ነበር። ችግሩ፣ አውራው አርጅቶ ንቡ ከዓመት ዓመት መሳሳቱ ነው። ያ አውራ ዘር ሳይተካ ከሞተ፣ የዚያ ንብ ነገር አበቃለት ማለት ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ከአንድ የእርሻ ማሠልጠኛ አጭር ትምህርት ወስጄ ስለ ንብ የማላውቀው የቀረ አይመስለኝም ነበር። አውራ የሚባለው ሴት እንደሆነ ለአባቴ ስነግረው፣ «እዚሁ ተናገረው፤ ሰው ፊት እንዳትደግመው» ብሎ ሳቀብኝ። ለጎረቤታችን ግን ዘዴውን አስረዳኋቸው። ከአሮጌዋ አውራ እንቁላል ያለበት የማር እንጀራ ቆርጠን፣ የራሱን አውራ ላነሳንበት ሌላ ብርቱ ቀፎ እንሰጣለን። ንቦቹ ሲጨንቃቸው ከዚያ እንቁላል አዳዲስ አውራዎች ያሳድጋሉ። አውራዋ የምታድግበት ለውዝ የሚያክል የሰም ቤት ሊፈለፈል ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ሳጥን፣ ከአንድ ጭልፋ ንብና ከጥቂት ማር ጋር እናስገባለን። ወጣቷ አውራ ሙቀት ባለበት ከሰዓት በኋላ ትወጣለች፣ ሰማይ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተገናኝታ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወልድ ትኖራለች። ያቺ በረራ ከተበላሸች መላ የለውም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ አውራው ከኋላው ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየጎተተ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ። «ያኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። በል፣ ላም በርቢ እንደሚሰጥ በርቢ እሰጥሃለሁ። ሦስቱ ያንተ፣ ሦስቱ የኔ።»

መስከረም ሲጠባ፣ ተራራው በአደይ ሲሞላ ጀመርን። ከሳሙና ሳጥን ጣውላ ስድስት ትንንሽ ቤቶች ሠራሁ። አውራዎቹ ሲመለሱ ቤታቸውን እንዳይስቱ በሮቻቸውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ አዞርኩ፤ አንዱን በኖራ፣ አንዱን በከሰል፣ አንዱን በቀይ አፈር ቀባሁ። ንቦቹ እንዲለምዱ ሁለት ቀን በር ዘግቼ ጨለማ ጓዳ ካስቀመጥኳቸው በኋላ በአጥሩ ጥግ ደረደርኳቸው።

ከሳምንት በኋላ ኖራ የተቀባውን ብከፍት አውራዋ የለችም። መምህራችን ከስድስት አንዷን ወፍ ሊበላት እንደሚችል ነግሮን ነበር። እኔ ግን ወፍ መጠርጠር አልለመደብኝም፤ የምጠረጥረው ሰው ነው። ያንኑ ዕለት ማታ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ጎረቤታችንን አጥራችን ሥር አገኘኋቸው። በአንድ ክፍተት አጮልቀው ወደ ሳጥኖቹ ያያሉ። እጃቸው ላይ ጣት የምታህል የሸምበቆ ቁራጭ አለች፣ አውራ ተይዞ የሚወሰድባት ዓይነት።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም፣ ልጄ። ልጆቹን ልያቸው ብዬ ነው» አሉና ሸምበቆዋን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት።

ምንም ካልሆነ ለምን ይደብቃሉ? በሰጡት ነገር ተጸጽተው ይሆን? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ ክፍተቱን በእሾህ ደፈንኩት። ለአባቴም፣ «እኚህ ሰውዬ አንድ ነገር አስበዋል። አደራህን አባዬ፣ እኔ በሌለሁበት አንድም አውራ ከዚህ ጓሮ እንዳያመልጥ» አልኩት። ስለ በረራው ቀደም ብዬ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን አውራ ሴት ናት ካልኩት ቀን ጀምሮ ትምህርቴን ሁሉ እንደ ቀልድ ነበር የሚሰማው። አደራውን ግን እንደ አደራ ሰማው። በርጩማውን ይዞ ሳጥኖቹ አጠገብ ይውል ጀመር።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ አንድ እሑድ እንቁላሉን ላይ በጉጉት ከፈትኩ። እንቁላል የለም። አውራዋ አለች፣ ግን የአንድ ጎን ክንፏ ከወገቡ ተቆርጧል። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ እንደዚያው። አምስቱም ክንፈ ቆራጣ ሆነዋል።

የያዙት መንጋ እንዳይኮበልል የአውራውን ክንፍ መቁረጥ የድሮ ንብ አርቢዎች ልማድ ነው። በሰፈራችን ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ አባቴ ነው፤ እሱን መጠርጠር አይታሰብም። ደሜ ፈልቶ ሽማግሌው ደጅ ሄድኩ።

«ለምን ቆረጧቸው? ያልፈለጉ እንደሆነ መጀመሪያውኑ አልሰጥም አይሉም ነበር?»

መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው በአጥሩ ላይ አሻግረው ፀሐይ እየሞቀ የተቀመጠውን አባቴን አዩ።

«አምስቱም?» አሉኝ።

«አምስቱም! ስድስተኛዋን መስረቅዎ አልበቃ ብሎ!»

«ዋቃዮ!» አሉ በለሆሳስ፣ በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠርተው። አላደረግኩም ብለው አልማሉም፣ አልተቆጡም። «እንግዲህ እንዳልክ ይሁን፣ ልጄ» ብለው ገቡ። አለመከራከራቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት፤ አልደብቅም፣ ደስም አለኝ። ጥርጣሬ እውነት ሲሆን የሚገኝ አንድ ክፉ ደስታ አለ።

ቤት ገብቼ ያልኳቸውን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ግን ጉልበቱን ይዞ ሳቀ።

«እሱ ምን ቤት ነው? የቆረጥኩት እኔ ነኝ እንጂ! ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሊጠፋ ሲል ደረስኩበት። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ከፍቼ በጢም መቀሴ ጫፍ ጫፋቸውን አልኳቸው። ሰውዬህማ ከአጥር ማዶ ጮኸብኝ። ‹ተዋቸው፣ ይመለሳሉ› ይለኛል። የአውራ ሌባ፣ ልጄ ነገርህን ነግሮኛል ብዬ አሳፈርኩት!»

አባቴ ፊቴን እያየ ምስጋናዬን ይጠብቃል።

በማግስቱ ሥራዬን ትቼ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ። ምናልባት ከአሮጌዋ አውራ ሌላ እንቁላል ብናገኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ቀፎው ከማገሩ ወርዶ፣ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ነበር። ጉንዳን ይመላለስበታል።

«አውራው የሞተብኝ አንተ አጥር ሥር ባገኘኸኝ ዕለት ጠዋት ነው» አሉኝ። «ከሦስቱ አንዱን ቀድመህ ብትሰጠኝ ብዬ ሸምበቆዬን ይዤ መጣሁ። ጊዜው ሳይደርስ መጠየቁ አሳፈረኝና ደበቅኩት። ንቡም ከዚያ በኋላ አልቆየልኝም።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም ታዲያ? አባቴ መሆኑን እያወቁ!»

«ጓደኛዬን ልጁ ፊት ላዋርደው? ለአንተ ብሎ ያደረገው ነው» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «አደራ፣ ምን እንዳጠፋ አንተም እንዳትነግረው።»

ስመለስ አባቴ በርጩማው ላይ ነበር። ከሳጥኖቹ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «እንዴት ነው? አሁንም አሉ?» አለኝ።

«አሉ፣ አባዬ» አልኩት። «አንዱም አላመለጠም።»