ቀድሞ የማይናገረው ላይብረሪ

ቢቸና ውስጥ መምህር ታዘበውን የማያውቅ የለም፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን የለም። ሒሳብ እንደሚያስተምርማ ማን ያጣዋል! እኔ የምለው ከክፍል ወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ የሚያመሽበትን ነገር ነው። አከራዩ እትዬ ይርጋነሽ አንድ ቀን ቢጠይቁት «ላይብረሪ እየሠራሁ ነው» አላቸው። መጽሐፍ የሌለው ላይብረሪ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተውት ሲያበቁ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሒሳብ ማረጋገጫ ሲሰጡት እያንዳንዷን እርምጃ መርምሮ «ልክ ነው» ወይም «እዚህ ጋ ስተሃል» የሚል ፕሮግራም አለ፤ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቃል። የታዘበው ላይብረሪ ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚዋሱት ኮድ ነው፤ የሰርቨሩ መልእክተኛ በሉት። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጥያቄ ተቀብሎ ለሰርቨሩ ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ይህን ብቻውን አልጀመረውም። ሰርካለም የምትባል የሞጣ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሲወጣ ሁለቱ ኮምፒውተር ክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰርቨሩን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ከታዘበው ላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኙት። ሰርካለም ሳቂታ ናት፤ ስትስቅ ብሎኑ የላላ ወንበሯ ይንቋቋል።

ላይብረሪው ተጽፎ አልቆ ሲያስነሱት ጭጭ አለ። ስህተት አይል፣ ልክ አይል፣ ዝም! ገመድ ቀየሩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩ፣ ያው ዝም። በመጨረሻ ሰርካለም ኮዱን ከላይ ጀምራ ስታነብ ወንበሯ መንቋቋት ጀመረ። ለካስ ታዘበው ላይብረሪው ከሰርቨሩ ጋር እንደተገናኘ ሰላም እስኪባል ድረስ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አድርጎ ጽፎታል። ሰርቨሩ ደግሞ ጠያቂው አፉን እስኪከፍት ይጠብቃል።

ምን ያድርግ! ያደገው የጥኖራ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቅኔ መምህር ከሆኑት አባቱ ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ «እስቲ ተናገር» ካልተባለ ትንፍሽ አይልም። ልክና ስህተት የሚለየው ሰርቨር ለታዘበው ትልቅ ሰው ነበር፤ ላይብረሪውንም ሳያስበው እንደ ራሱ አሳደገው።

«ሁለቱም ጨዋ ሆነው እኮ ነው» አለችው ሰርካለም እንባዋን እየጠረገች። «እንደተያዩ ሊያረጁ!»

አስተካከሉት። ላይብረሪው ቀድሞ ተናገረ፣ ሰርቨሩም መለሰ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቁትና አገሩን እንኳ የማያውቁት ሰው ሁሉ ይጠቀምበት ጀመር።

ታዘበው ሰርካለምን ይወዳት ነበር። ለራሱ እንኳን በቅጡ ያመነው እናቷ ታመው ወደ ሞጣ ስትዛወር ነው። መናኸሪያ ሊሸኛት ሄዶ ሻንጣዋን ጫነላት። ሰርካለም የአውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ሌላ የሚላት ነገር ካለ ጠየቀችው። እሱ ደግሞ «በሰላም ግቢ» አላት። አይ ታዘበው! እኔ ብሆን ጆሮውን ነበር የምይዘው።

ስትደርስ ትደውላለች ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፤ ጠፍቶም ከረመ። ሲመለስ ደግሞ ብትፈልግ ኖሮ ትደውል ነበር አለና ጠበቀ። ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ሻይ ያፈላል፣ ብሎኑ የላላውን ያንን የሰርካለምን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ አስይዞታል። የሚጽፍለት የላይብረሪው ተጠቃሚ ብቻ ነው።

ከነሱ አንዱ ታዲያ አቤቱታ ላከ፤ መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ላይብረሪው ዝም ይላል የሚል። ታዘበው ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጦ ኮዱን ቢከፍት ያ የድሮ ጥፋት እዚያም ተቀምጧል። መስመሩ ሲመለስ ላይብረሪው ሰርቨሩ እስኪናገር ይጠብቃል! ሳቁ መጣ። የሚያስቀውን ነገር ሊያሳያት ዞር ቢል ጥግ ያለው ባዶ ወንበር ነው። የስልኩም መስመር እኮ ከተመለሰ ቆይቷል።

ቅዳሜ ማለዳ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባ። ከመናኸሪያው ደውሎላት ሻይ ቤት ተገናኙ። አዲሱን ጥፋት ሲነግራት ሳቀች፤ እንደዚያው እንደ ድሮው። እጇን ወደ አፏ ስትወስድ ጣቷ ላይ ቀለበት አየ።

ማየቱን አየች፤ ሳቋም ቆመ። እናቷ ሳይሞቱ ለወግ ማዕረግ በቅታ ሊያዩዋት እንደጓጉ፣ ሽማግሌ እንደተላከ፣ እሺ ከማለቷ በፊትም ስልኳን ከእጇ ሳትለይ እንደከረመች ቀስ እያለች ነገረችው።

«ለምን አልደወልሽም?» አላት።

«አንተስ?»

ሻዩ ቀዝቅዟል። ሰርካለም ላይብረሪውን አስተካክሎት እንደሆነ ጠየቀችው፤ አዎ፣ አሁን መስመር ሲመለስም ቀድሞ ይናገራል አላት። ከዚያ ታዘበው ማንም ሳይጠይቀው፣ «እስቲ ተናገር» ሳይባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመ።

«እወድሽ ነበር፣ ሰርካለም። አሁንም እወድሻለሁ።»

«ሰማሁህ» አለችው። ከዚያ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችው።

ቢቸና ሲደርስ እትዬ ይርጋነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቱን ደፍቶ፣ ከጠሩት አቤት ብሎ፣ ካልጠሩት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ዛሬ ግን ፊታቸው ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ብቻዬን መብላት መረረኝ» አላቸው።

ቀና ብለው አዩት። ሰፌዱን ወደ አንድ በኩል ሳብ አድርገው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቁለት።