ሦስት ጊዜ ተመስገን

ሟቹ ሹፌር ዕድሜውን ሙሉ አትክልት ያመላለሰባት አሮጌ ፒክአፕ ከቀብሩ ወዲህ አልነሳ ብላ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ትልቋ ልጁ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ሥራውን ልትይዝ ነበር። መኪናዋ ዛሬ ካልተነሳች ግን ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ ጎትቶ ሊወስዳት የመጎተቻ ገመዱን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ባትሪውን ለወጠ፤ ካንዴላዎቹን ነቅሎ እሳት መስጠታቸውን አየ፤ የነዳጅ ማጣሪያውንም ቀየረ። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም።

«እናትዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? የሞተ አይነሳም እኮ» አለ ብረት ገዢው መኪናዋ አጠገብ ለቆመችው የሟቹ ሚስት።

«አንተ፣ አፍህን ሰብስብ!» አለ መካኒኩ መፍቻውን እየቀሰረ።

ሚስትየው አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ቁልፉ ላይ ነበር። ወንድምየው ባንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ሲያዞረው የሆነ ነገር ጎደለባት።

«እሱ እንደዚህ አያስነሳም ነበር» አለች።

«እንዴት ነበር?»

«ግማሽ ድረስ ያዞረውና ‹ተመስገን› ይላል። ይዘጋዋል። እንደገና ይከፍተዋል። ሦስቴ! ‹አንተ ሰው፣ እግዜርን በቁልፍ ነው እንዴ የምትቀሰቅሰው?› እያልኩ ስስቅበት፣ ‹እሱስ አይተኛም፤ የተኛችው አሮጊቷ ናት› ይለኝ ነበር።»

መካኒኩ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ታንከሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ ለአፍታ ሠርቶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይገፋል። ያረጀ ፓምፕ ግን የገፋውን ይዞ አያቆይም፤ መኪናዋ ስትቆም ቤንዚኑ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። አንድ ግፊት አይበቃም።

«ወይ ወንድሜ! ዓመሏን ችሎ ነው የኖረው፤ ለኔ እንኳ ትንፍሽ ሳይል» አለ። «በይ እትዬ፣ አንቺ አስነሻት።»

ስፖንጁ በሱ ልክ የጎደጎደው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁልፉን ስትከፍት ከኋላ ፓምፑ እዝዝ ብሎ ዝም አለ። ተመስገን ልትል ስትል እንባ ቀደማት። ዘግታ ከፈተችና ሁለተኛውን በሹክሹክታ አለችው። ሦስተኛውን ሁሉም ሰማው። ከዚያ እስከ መጨረሻው አዞረችው።

ሞተሩ ተነሳ።

ብረት ገዢው ገመዱን ጠቀለለ፤ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎም ወጣ። ልጅቷ በደስታ እያለቀሰች እናቷን በመስኮቱ አቀፈቻት። እናት ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለችም። ያ ድምፅ ሁልጊዜ እሱን ይዞ ይወጣ፣ እሱን ይዞ ይመለስ ነበር። ዛሬ ብቻውን መጣ።

«ፓምፑን ልቀይረው። ከእንግዲህ ባንዴ ትነሳለች» አለ መካኒኩ።

«ቀይረው። ልጄ ተመስገን የምትለው መኪና እንዲነሳላት አይሁን።» መሪውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ግን ነገ። ዛሬ እንዲሁ ትዋል።»